የታችኛዋ ብሎን

ወላጆቹ «ይርጉ» ብለው ስም ሲያወጡለት ምን አስበው እንደነበር እንጃ፤ ሰውየው ሲፈጥረው ረግቶ አያውቅም። ምሳ ሲበላ እንኳ አንድ እግሩ ወደ በሩ ዞሮ ይጠብቀዋል። አሜሪካ፣ ጋርላንድ ከተማ ያለውን ቤቱን ያየ ሰው ይህን ለማመን ምስክር አያሻውም። የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ግማሹ ተነጥፏል፣ ግማሹ ካርቶኑ ውስጥ ነው። ጓሮው ላይ ጣሪያ የሌለው የዶሮ ቤት ቆሟል፤ ዶሮ ግን ገብቶበት አያውቅም። ሥራውስ ተስማምቶታል፤ ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ እያነሳ ማድረስ ስለሆነ ሲሄድ ይውላል። መከራው የሚጀምረው ቤቱ ሲገባ ነው። ቤት እንደ መኪና አይሄድም።

ከፋሲካ ወዲህ ይህ ሁሉ መቁነጥነጥ አንዲት ቮልስ ላይ ወደቀ። ቮልሷ የሚስቱ የየሺሐረግ ናት። የሺሐረግ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች የምትንከባከብ ሴት ናት፤ ዋይት ሮክ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ሚስ ዶሮቲ የሚባሉ አሮጊት ለዓመታት በእጇ ነበሩ። ሲሞቱ ልጆቻቸው «እናታችን ላንቺ ይሁን ብላለች» ብለው ሰማያዊዋን ቮልስ ሰጧት። መኪናዋ ቤት በደረሰች ዕለት ይርጉ ቁልፉን ከሚስቱ እጅ ተቀበለ፣ ዞር ዞር ብሎ አያት፣ «ይቺማ ሙሉ ለሙሉ መታደስ አለባት» አለ። ሳይመሽ ወንበሮቿ ጋራዡ ወለል ላይ ተደረደሩ። በሳምንቱ ሞተሯ ወረደ። ጋራዡ የቮልስ ሥጋ ቤት መሰለ።

ሁሉም እሺ ብሎ ሲወልቅ እምቢ ያሉት የሾፌሩ በር ማጠፊያ ብሎኖች ነበሩ። በሩ ትንሽ አዘንብሏል፤ እንዲቃና መውለቅ አለበት፤ እንዲወልቅ ብሎኖቹ መፈታት አለባቸው። ብሎኖቹ ደግሞ ከዛፍ ስር ዝናብ ሲመታቸው ስለኖሩ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሥጋ ሆነዋል። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ መላውን በእርጋታ ያስረዳሉ፤ ዝገት የሚያለሰልስ ዘይት አንጠባጥብ፤ ተወው። ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያልክ አንኳኳ፤ ዘይት ጨምር፤ ተወው። በእሳት አሙቀው፤ እስኪበርድ ተወው። ከመፍታትህ በፊት ደግሞ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው በኩል ግፋው፤ ዝገቱ የሚለቀው ያኔ ነው። ይርጉ ቪዲዮውን ስንቴ እንደከፈተው አይቆጠርም። ነገር ግን ሽማግሌው «ተወው» ማለት ሲጀምሩ በጣቱ ወደፊት ያሳልፋቸዋል።

በዚህ ችኮላው የታችኛዋን ብሎን አበላሻት። ካቻቢቴውን ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ሲጠመዝዛት ካቻቢቴው እየተንሸራተተ፣ አናቷ ላይ ያለው መስቀል ተበልቶ ጎድጓዳ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከእሷ ጋር እልህ ተያያዘ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ቀጥ ብሎ ጋራዥ ነው። የሺሐረግ ምግብ ቀርቧል ትለዋለች፣ «ኦኬ፣ መጣሁ» ይላል፤ አይመጣም። ሌላም ሌላም ትለዋለች፤ ለሁሉም «ኦኬ ኦኬ» ነው።

አንድ እሑድ ከቀትር በፊት የሺሐረግ ናይት ሺፍት አድራ መጥታ ተኝታለች፤ ይርጉ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቶ ከበሩ ጋር እየታገለ ነው። ስልኩ ጮኸ። ጓደኛው ታዲዮስ ነበር። ይርጉ ስፒከር ላይ አደረገና ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሥራውን ቀጠለ።

«ይርጉ፣ ዛሬም ቀራችሁ?» አለ ታዲዮስ። «የሺሐረግስ? ውድነሽ ሰሞኑን ፊቷ ልክ አይደለም እያለች ነው። ደህና ናት?»

በዚህች ቅጽበት፣ ይርጉ በመዶሻ ሲመታት የከረመችው የላይኛው ማጠፊያ የመጨረሻ ብሎን ቂው አለችና ዞረች።

«ፈታኋት!» ብሎ ጮኸ ይርጉ። «ታዲዮስ፣ ፈታኋት! ስንት ቀን ሙሉ እልህ ስታስጨርሰኝ ከርማ፣ ዛሬ በቃኝ አልኩና ፈታኋት! አንዷ ብቻ ቀረችኝ፤ እሷንም ዛሬ ሳልፈታት አላድርም!»

ይህን ብሎ በደስታ ጎንበስ ሲል ስልኩ ከኪሱ ሾልኮ የተቃጠለ ዘይት ያጠራቀመበት ሳፋ ውስጥ ገባ። አወጣው፣ ጠረገው፣ ነካካው። ዝም አለ። ኩሽና ገብቶ ሩዝ ውስጥ ቀበረውና ወደ ታችኛዋ ብሎን ተመለሰ።

እንግዲህ በዚህ ማንን እንደምንወቅስ አላውቅም። ትንሽ ነገርን፣ በተለይ የሚያበሳጭ ትንሽ ነገርን «እሷ» ማለት የሁላችንም አመል ነው። አማርኛችን ደግሞ ለብሎንም ለሚስትም ያዘጋጀው ቃል አንድ ነው። ታዲዮስም ስልኩን መኪናው ውስጥ ስፒከር ላይ አድርጎ ነበር፤ አጠገቡ ሚስቱ ውድነሽ፣ ከኋላ ደግሞ ከቅዳሴ ወጥተው ወደ ቤታቸው የሚሸኛቸው ቀሲስ መኳንንት ነበሩ። ቀሲስ የይርጉና የየሺሐረግ የንስሐ አባት ናቸው፤ በቁርባን ሲጋቡም አክሊሉን የደፉላቸው እሳቸው ናቸው። ታዲዮስ ደጋግሞ ቢደውል ስልኩ አይጠራም። ቀሲስ «አዙረው» አሉ፤ የቀሲስ ቤት ያለበት ሌክ ሃይላንድስ ሊደርስ የነበረው መኪና ወደ ጋርላንድ ዞረ።

በሩ ሲንኳኳ ይርጉ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከፈተ። ሦስቱም ነጠላቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። እጁ ጥቁር ስለነበር ክንዱን ዘረጋላቸው፤ የቀሲስን መስቀል ተሳለመና «ግቡ፣ ቁጭ በሉ እንጂ» አለ።

«ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቀሲስ። «ልጄ፣ ፈታኋት ማለትህን ሰምተን ነው የመጣነው።»

የይርጉ ፊት በራ። «ለዚህ ብላችሁ መጣችሁ? አዎ አባታችን፣ ፈታኋት!»

«እንዲህ ደስ ብሎህ?»

«እንዴት ደስ አይለኝም? ዝጋ እኮ ነበር! ማለቴ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ቆርጦ ይጥላት ነበር። እኔ ግን በትዕግሥት...»

«ቆርጦ!» አለች ውድነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

«አሁን ያስቸገረችኝ አንዷ ናት። እሷ ከታች ስለሆነች አትመችም።»

ውድነሽ ግድግዳውን ያዘች። «ሁለት ናቸው እንዴ? ሌላም ነበረችህ?»

«አራት ነበሩ። ሦስቱን ፈትቻለሁ።»

ቀሲስ አማተቡ። ታዲዮስ ወለሉን ማየት ጀመረ። ቀሲስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሺሐረግ የት ናት?» አሉ።

«ተኝታለች፤ ሥራ አድራ።»

«ፈትተሃት እዚሁ ተኛች?»

«ማንን?» አለ ይርጉ። ሦስቱን ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ነገሩ ገባውና ክው አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ አፈነው። መናገር አቅቶት በእጁ እየጠራ ጋራዥ ወሰዳቸው፤ ከመሣሪያ ሣጥኑ ላይ የዛገችውን ብሎን አንስቶ መዳፉ ላይ አሳያቸው። «ይቺን ነው! ይቺን ነው የፈታሁት!»

ያን ጊዜ የነበረው ሳቅ አይነገርም። ውድነሽ እንባዋ ወረደ፣ ታዲዮስ የቮልሷን ጣሪያ በጥፊ መታ፣ ቀሲስ እንኳ ጢማቸው እስኪርገበገብ ሳቁ። በሳቁ መሀል የሺሐረግ ነቅታ፣ ሻሿን እንዳሰረች የጋራዡ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«የሺዬ፣ ነይ ሳቂ!» አለቻት ውድነሽ። «ባልሽ ብሎን ቢፈታ እኛ ልናስታርቅ መጣን!»

የሺሐረግ አልሳቀችም። «እንኳን መጣችሁ» አለች። «እኔ ልጠራችሁ አፍሬ ነበር። አሁን መጥታችኋልና ቁጭ በሉ።»

ሳቁ እዚያው ቀረ። ሳሎን ገብተው ተቀመጡ። ይርጉ «ለስላሳ ላምጣላችሁ» ብሎ ሊነሳ ሲል ቀሲስ በዓይናቸው መልሰው አስቀመጡት።

«ከነገ ጀምሮ ፎርት ዎርዝ ሥራ ይዣለሁ» አለች የሺሐረግ። «ሊቭ ኢን ነው። እዚያው ነው የማድረው። በሁለት ሳምንት አንድ እሑድ ብቻ እመጣለሁ።»

«ምን?» አለ ይርጉ። «ሳትነግሪኝ?»

«አርብ ነግሬሃለሁ። ከመኪናዋ ስር ነበርክ። ኦኬ ኦኬ አልከኝ።»

ይርጉ ኦኬ ማለቱን ያስታውሳል። ለምን እንዳለ ግን ፈጽሞ አያስታውስም። ፈራ። ይቺ ሴት ምንም ቢሆን ከቤቱ የማትወጣ መስሎት ነበር።

ታዲዮስ ጣልቃ ገባ። «የሺ፣ ገንዘቡ ከሆነ...»

«ገንዘቡ አይደለም። የምንከባከባቸውን ሰውዬ ሄጄ አየኋቸው። ስትሮክ መቷቸው መነሳት አይችሉም። ሳወራቸው ቁጭ ብለው ይሰሙኛል።» ይህን ስትል ወደ ይርጉ ዞረች። «ሶ፣ እንደዚያ ነው። ሽባ ሰው ካልሆነ የሚሰማኝ አላገኘሁም። ደግሞ ልንገራችሁ፣ ያቺ መኪና ስትመጣ ትሄድ ነበር።»

«የትኛዋ?» አሉ ቀሲስ።

«ቮልሷ። ራሴ ነድቼ ነው ያመጣኋት። በሩ ሲዘጋ ትንሽ ይጮህ ነበር እንጂ ምንም አልነበራትም።»

ሁሉም ይርጉን አዩት። ይርጉ ጥፍሮቹን ያይ ጀመር። እውነቷን ነው። ትሄድ ነበር። ይህን ነገር እሱ ራሱ ረስቶት ነበር ቢባል ማን ያምናል?

ሽማግሎቹ ብዙ ተናገሩ፤ ምክርም ተግሣፅም። የሺሐረግ ሰማች፣ አመሰገነች፣ ሐሳቧን ግን አልለወጠችም። ሲወጡ ቀሲስ ይርጉን ክንዱን ይዘው ኮሪደሩ ውስጥ ወደ ኋላ አስቀሩት።

«ስግደት ልሰጥህ አስቤ ነበር» አሉት ዝቅ ብለው። «ግን አውቅሃለሁ፤ መነሳት መውደቁ ላንተ ሰርግ ነው። ቀኖናህ መቀመጥ ነው። ሂድና ከጎኗ ተቀመጥ። እጅህ ብረት አይንካ። እሷ ሳትነሳ እንዳትነሳ።»

«እስከ መቼ አባታችን?»

«ይሄንን ነው ስፈራልህ የነበረው» አሉና ወጡ።

ሳሎን ሲመለስ የሺሐረግ የለችም። ጋራዥ ውስጥ አገኛት። የቮልሷ የኋላ ወንበር ወለሉ ላይ ፊቱን ወደ መኪናዋ አድርጎ ተቀምጧል፤ እሷ አንዱ ጥግ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣበታለች። ሄዶ ሌላኛው ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከፊት ለፊቱ፣ እጅ በሚደርስበት ርቀት፣ የሾፌሩ በር በአንዲት ብሎን ተንጠልጥሏል። ካቻቢቴው ጉልበቱ ሥር ነው። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ።

የሺሐረግ ማውራት ጀመረች። ሐሙስ ሐሙስ ሚስ ዶሮቲን በዚህች መኪና ሐይቁን ታዞራቸው ነበር። አሮጊቷ የልጆቻቸው ስም ሳይቀር ጠፍቶባቸው፣ መንገዱን ግን አልረሱም፤ መስኮቱን ከፍተው «አሁን ወደ ግራ» ይሏታል። ሲሞቱ የሺሐረግ ሺፍት ላይ አልነበረችም። ቀብሩ የቤተሰብ ብቻ ነው ተባለና አልሄደችም።

«አንድ ቀን እንኳ ለቅሶ አልተቀመጥኩላትም» አለች። «የማን ቤት ሄጄ ልቀመጥ? መኪናዋን ሲሰጡኝ፣ በቃ፣ እዚያው ውስጥ እቀመጥላታለሁ ብዬ ነበር። ሐይቁን አንድ ጊዜ አዙሬ፣ መስኮቱን ከፍቼ ላለቅስላት። ልብስ ቀይሬ ልውጣ ብዬ ገባሁ። ስወጣ ወንበሮቹ እዚህ ወለሉ ላይ ናቸው።»

ይርጉ እንደ ልማዱ ቢሆን «እመልሳቸዋለሁ፣ አሁኑኑ» ብሎ ዘሎ ይነሳ ነበር። ጉልበቱ ተነስቶም ነበር፤ በሁለት እጁ ተጭኖ አስቀመጠው። ለራሱም ሳይታወቀው፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ «ነፍስ ይማር፣ የሺ» አላት።

ያን ጊዜ አለቀሰች። ለሚስ ዶሮቲ አለቀሰች፣ ለሌላም ለሌላም። እሱ እንደተቀመጠ ቆየ። እያለቀሰች ደከማትና ጭንቅላቷ ቀስ ብሎ ትከሻው ላይ አረፈ። እንቅልፍ ወሰዳት።

የይርጉ ፈተና ያን ጊዜ ተጀመረ። መጀመሪያ እግሩን በላው፣ ቀጥሎ ጀርባውን። ታችኛዋ ብሎን ላይ ጠዋት ያፈሰሰው ዘይት ሲንቆረዘዝ ውሎ አሁን ጫፏ ላይ ጠብታ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ሳይወድቅ፣ ሳይነቃነቅ። እጁን ዘርጋ ቢያደርግ ካቻቢቴውን ያነሳዋል። ኩሽና ውስጥ ሩዝ የቀበረው ስልክ እንደ ተአምር ነፍስ ዘርቶ ጮኸ፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ጥሪ ነው፤ የእሑድ ከሰዓት ሥራ ደግሞ ጥሩ ሥራ ነው። ጮኸ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ። ይርጉ ጥርሱን ነከሰ። ጫማው ውስጥ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ አንቀሳቀሰ። ሚስቱን አያት። ከሻሿ ሥር ግንባሯ ላይ ያለው ሽበት መቼ እንደወጣ አያውቅም። ይህን ያህል ከተጠጋት ስንት ጊዜው ነው? ከዚያ በኋላ ብሎኗን ማየት ተወ።

ስትነቃ የጋራዡ መስኮት ላይ ያለው ፀሐይ ቀልቷል። ቀና ብላ አየችው፤ ዙሪያዋንም አየች።

«አልተነሳህም?»

«አንቺ ሳትነሺ?» አለና ትንሽ አስቦ፣ «ቀሲስ ናቸው ያሉኝ» ብሎ እውነቱን ጨመረ።

«ሰምቻለሁ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው። መጀመሪያ የተኛሁ አስመስዬ ነበር፤ እስኪ ምን ያህል ይችላል ብዬ። ኋላ እውነትም ወሰደኝ።» ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ስልኳን አወጣች። የኤጀንሲው ቢሮ እሑድ ዝግ ስለሆነ መልእክት ተወች፤ ነገ እንደምትጀምር፣ ማደር ግን እንደማትችል፣ የቀኑን ሺፍት ብቻ እንደምትፈልግ በዚያ በሚጎተት እንግሊዝኛዋ ቀስ ብላ አስረዳች። ስልኩን ዘጋችና ወደ ባሏ ዞረች። «ከተስማሙ እሰየው፤ ካልተስማሙ ሌላ ሥራ ጋ ኮል አደርጋለሁ። አንተ ግን ደስ አይበልህ። ነገም ትቀመጣለህ።»

«እቀመጣለሁ።»

«ሐሙስ ደግሞ መኪናዋን እፈልጋታለሁ።»

«ሐሙስ? ሞተሯ እኮ...» ሊጨቃጨቅ ነበር፤ አየችው። «ሐሙስ ባይደርስ የሚቀጥለው ሐሙስ» አለ።

የሺሐረግ ተነሳች። እሷ ከተነሳች በኋላ ይርጉም ተነሳ፤ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት የቮልሷን ጣሪያ ያዘ። ካቻቢቴውን ያነሳችው እሷ ናት። ቪዲዮውን ከኩሽና ሆና ስትሰማው ከርማለች። በሩ ሥር ተንበረከከች፣ ዘይት ጠብ አደረገች፣ በመዶሻው እጀታ ዙሪያውን ቀስ እያለች አንኳኳች፣ ከዚያ ካቻቢቴውን በተበላው አናቷ ላይ ጫን አድርጋ ወደ ማጥበቂያው በኩል ገፋችው። ብሎኗ ምንም አላለችም። ወደ መፍቻው በኩል ሞከረች። ምንም።

«ልምታት?» አለ ይርጉ፤ መዶሻውን እየፈለገ ነበር።

«ተዋት። ነገ።»

ይርጉ ያቺን ብሎን አያት። አናቷ ተበልቶ፣ ዘይት ጠጥታ፣ በሩን ለብቻዋ ተሸክማ ተቀምጣለች። እጁ በላው። ዋጠው።

በዚህ መሀል ስልኩ ኩሽና ውስጥ እንደገና ጮኸ። የሺሐረግ ሄዳ ከሩዙ ውስጥ አውጥታ ጋራዥ ይዛው መጣች፣ የይርጉ እጅ ዘይት ስለሆነ ስፒከር ላይ አድርጋ ያዘችለት። ታዲዮስ ነበር፤ ቤቱ ገብቶ ማረፍ አቅቶታል።

«ይርጉ» አለ በፍርሃት፣ «እ... እንዴት ሆነ? ፈታሃት?»

ስለ የትኛዋ እንደጠየቀ እሱ ራሱ ያወቀ አይመስልም። ይርጉ ብሎኗን አያት። ስልኩን የያዘችለትን ሚስቱንም አያት።

«አልፈታኋትም» አለ።

«ተመስገን!» የሚል የውድነሽ ድምፅ ከስልኩ ወዲያ ተሰማ። የሺሐረግ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ይርጉ የጋራዡን መብራት አጠፋና እጁን ሊታጠብ ገባ።